የሎሌ መኪና ታሪክ

የሰው ልጅ ሸክሙን ወደ ሌላ ለማሳለፍ ያልተመኘበት ዘመን የለም። በመጀመሪያ በበሬና በአህያ፥ ቀጥሎም በወንዝና በነፋስ፥ ከዚያም በእንፋሎትና በኤሌክትሪክ ኀይል ድካሙን እያቃለለ መጣ። ከዚህ ሁሉ ጋራ ግን አንድ የቆየ ምኞት ነበረው፤ ይኸውም ታዝዞ የሚሠራ፥ ሠርቶ የማይደክም፥ ቀለብና ደመወዝ የማይጠይቅ ሎሌ በገዛ እጁ ሠርቶ ማቆም ነው። ዛሬ ሮቦት የሚባለው መሣሪያ የዚህ ምኞት ፍሬ ነው።

በፋብሪካ ውስጥ ቆሞ ብረት የሚበይደውን ሮቦት ብዙ ሰው በሥዕል አይቶታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የወደድነው ግን ከፋብሪካው በር ወጥቶ በሆስፒታል፥ በላም በረት፥ በዕቃ መጋዘን፥ በሆቴልና በመኖሪያ ቤት የሚያገለግለውን ነው። ባለሞያዎቹ «የአገልግሎት ሮቦት» ይሉታል፤ እኛም ሎሌ መኪና ብንለው ከነገሩ አንርቅም። ታሪኩን የምንመረምረው ለመደነቅ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። መኪናው ሎሌ በሆነ ጊዜ፥ ሰው የነበረው ሎሌ ምን ሆነ? ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ በእኛ አቈጣጠር መሆናቸው ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የግሪኩ ባለ ቅኔ ሆሜር በኢሊያድ መጽሐፉ፥ አንካሳው አንጥረኛ ሄፌስቱስ ከወርቅ የሠራቸው ቈነጃጅት ሲራመድ ይደግፉት እንደ ነበረ ይተርካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ተረት አንሥቶ፥ የሸማኔ መወርወሪያ የሰው እጅ ሳይነካው ራሱ የሚሸምን ቢሆን ኖሮ፥ ባለ እጁ ረዳት፥ ጌታውም ባሪያ ባላስፈለገው ነበር የሚል አሳብ ገልጧል። መወርወሪያው ግን ራሱ አይሸምንምና ባሪያ የግድ ነው ማለቱ ነበር። ይህ አሳብ ዛሬም በሌላ ቃል ሲነገር እንሰማዋለን፤ መኪናው በመጣ ጊዜ ሰው ከድካሙ ያርፋል ይባላልና።

ታሪክ ይህን አሳብ በግልጥ ፈትኖታል። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ካርትራይት በኀይል ለሚንቀሳቀስ የሽመና መኪና በ1785 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላም መወርወሪያው በእውነት ያለ ሸማኔ እጅ ይመላለስ ጀመር። ይሁን እንጂ ባሪያው አላረፈም። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብዙ ጥጥ በፈለጉ መጠን፥ በአሜሪካ ደቡብ ጥጥ የሚለቅሙት ባሮች ቍጥር እየበዛ ሄደ፤ በ1790 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ 700,000 ያህል የነበሩት፥ በ1860 ዓ.ም. 4 ሚሊዮን ለመሙላት ጥቂት ቀራቸው። ነፃ የወጡት ብዙ ደም ከፈሰሰበት ጦርነት በኋላ በ1865 ዓ.ም. በጸናው ሕግ ነው። በአገራችንም ባርነት የተሻረው በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው እንጂ፥ የእጅ ወፍጮ ሁሉ በሞተር ወፍጮ ከተለወጠ በኋላ አይደለም። እንግዲህ ከመጀመሪያው የምናየው ነገር፥ መሣሪያ ሸክምን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚችል፥ ሸክሙ ከማን ላይ ይነሣ የሚለውን ግን የሚወስነው መሣሪያው እንዳልሆነ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የጥበበኞች ሥራ ወደ ነገሥታት አዳራሽ ያዘነበለ ነበር። በዛሬዋ ቱርክ በዲያርባክር ከተማ ለነበሩት ገዦች ያገለግል የነበረው አል ጀዘሪ በ1206 ዓ.ም. በዐረብኛ በፈጸመው መጽሐፍ ብዙ የብልኀት መሣሪያዎችን ገልጧል። ከእነዚህ አንዱ የእጅ መታጠቢያ ነው። ውሃው በጣዎስ ምስል አፍ ይወርዳል፤ እጣቢው በታች ሲጠራቀም ተንሳፋፊውን ዕቃ ያነሣዋል፤ በዚህም ኀይል አንዲት ትንሽ በር ተከፍታ የአገልጋይ ምስል የመታጠቢያ ዱቄት ይዞ ይወጣል፤ ቀጥሎም ሌላው ምስል ፎጣ ይዞ ይቀርባል። ማስታጠቢያና ኩስኩስት ይዞ እንግዳን የሚያስታጥብ አሽከር ባደገበት አገር ላለን ለእኛ ይህ ምስል እንግዳ አይሆንብንም። በጃፓን አገርም ሻይ በትሪ ይዛ ወደ እንግዳው የምትሄድ፥ ሲኒው ሲነሣላት የምትቆም፥ ሲመለስላት ዞራ የምትሄድ አሻንጉሊት ነበረች፤ አሠራርዋንም ሆሶካዋ ሀንዞ የተባለው ሰው በ1796 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ በሥዕል አስረድቷል። እነዚህ ሁሉ የጌቶችን ዓይን ደስ ያሰኙ እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ በጓዳ ያለውን የአገልጋይ ድካም አላቃለሉም።

ሮቦት የሚለው ስም የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በሰው እጅ ስለ ተሠሩ ሠራተኞች የጻፈው ተውኔት በጥር ወር 1921 ዓ.ም. በፕራግ ቴአትር ታየ። ለእነዚህ ሠራተኞች ስም ሲፈልግ ቃሉን የሰጠው ወንድሙ ዮሴፍ ቻፔክ ነው። ቃሉ የወጣው «ሮቦታ» ከሚለው የቼክ ቋንቋ ነው፤ ሮቦታም ገበሬው ያለ ዋጋ ለባለ መሬቱ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነበር። በእኛ አገር ጭሰኛው የጌታውን ሁዳድ ሲያርስና ሲያጭድ የኖረበትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው የቃሉን ምሬት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በኦስትሪያ ግዛት የነበረው ሮቦታ በ1848 ዓ.ም. ቀረ፤ በአገራችንም የጭሰኛው ግዴታ በእኛ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ተሻረ። ሁለቱም በሕግ ተሻሩ፤ ሁለቱም ሲሻሩ በእርሻው ላይ የገበሬውን ቦታ የወሰደ ሮቦት አልነበረም። መኪናው ስሙን ከገባሩ ወረሰ እንጂ፥ ገባሩን ነፃ ያወጣው መኪናው አይደለም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። አሜሪካዊው ጆርጅ ዴቮል በ1954 ዓ.ም. የታዘዘውን እንቅስቃሴ እያስታወሰ ለሚደጋግም የብረት ክንድ የፈጠራ መብት አመለከተ፤ መብቱንም በ1961 ዓ.ም. አገኘ። ከእርሱ ጋራ ተባብሮ ሥራውን ለገበያ ያደረሰው መሐንዲሱ ጆሴፍ ኤንግልበርገር ነው። ዩኒሜት የተባለው ይህ ክንድ በዚያው በ1961 ዓ.ም. በኒው ጀርዚ ግዛት በነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገብቶ፥ ከማቅለጫው ቅርጽ የሚወጣውን ትኵስ ብረት ማንሣት ጀመረ። ሥራው እጅን የሚያቃጥልና ጢሱ የሚጐዳ ስለ ነበረ፥ መኪናው የያዘው ቦታ ሰው ሊይዘው የማይወደውን ቦታ ነበር።

ኤንግልበርገር በዚህ አልተወሰነም። በ1984 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ አቋቁሞ መኪናውን ከፋብሪካ ወደ ሰው መካከል ለማውጣት ተነሣ። ሄልፕሜት የተባለው ሮቦት በ1988 ዓ.ም. በኮኔቲከት ግዛት በዳንበሪ ሆስፒታል ገባ። ክንድም ፊትም አልነበረውም፤ በመንኰራኵር የሚሄድ ቁም ሣጥን ነው። በመተላለፊያው እየተጓዘ፥ በአሳንሰር እየወጣና እየወረደ፥ ምግብና መድኀኒት ከክፍል ወደ ክፍል ያደርስ ነበር። አስታማሚዋ ዕቃ ለማምጣት የምታጠፋውን ጊዜ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ እንድታሳልፈው ማድረግ የአሳቡ ፍሬ ነበር። በእኛው አህጉር በሩዋንዳ መንግሥት፥ የኮሮና ተሐዋሲ በተስፋፋበት በ2020 ዓ.ም. በግንቦት ወር 5 ሮቦቶች ወደ ሕክምና ጣቢያዎች ገብተው የሰውነት ሙቀት ለመለካትና ምግብና መድኀኒት ለማድረስ ተመድበዋል። እዚህ የተፈለገው ሐኪሙን ለማስወጣት አልነበረም፤ ሐኪሙን ከተላላፊው በሽታ ለማራቅ ነው።

በግብርናው በኩል፥ የሆላንድ ኩባንያ የሆነው ሌሊ በ1992 ዓ.ም. ላም የሚያልብ ሮቦት በገበሬ በረት አቆመ። ላሚቱ በወደደችው ሰዓት ወደ መታለቢያው ትገባለች፤ ክንዱ ጡትዋን አጥቦ፥ የጡትዋን ጫፎች በብርሃን እየፈለገ ማለቢያውን ያጋጥማል። ገበሬው ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ቀረለት፤ ሆኖም መኪናው በሌሊት ችግር ሲገጥመው በስልክ ይጠራዋል። በመጋዘን ሥራም እንዲሁ፥ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው ኪቫ የተባለው ኩባንያ ሠራተኛው በመደርደሪያዎች መካከል መመላለሱን አስቀርቶ፥ መደርደሪያው ራሱ ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረገ። አማዞን ይህን ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በመጋዘኖቹ ያሰማራቸው ሮቦቶች 1 ሚሊዮን እንደ ሞሉ አስታወቀ። ሠራተኛው ከመራመድ ዐረፈ፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ቆሞ በመደርደሪያዎቹ አመጣጥ ልክ እጁን ማፍጠን ግድ ሆነበት። ድካሙ ቀረ ከማለት መልኩን ለወጠ ማለት ይሻላል።

ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ግን ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነ። ምክንያቱን ማስረዳት ቀላል ነው። ፋብሪካ ለመኪናው እንዲመች ተደርጎ ይሠራል፤ ቤት ግን ለሰው ነው የሚሠራው። በአንዱ ቤት ምንጣፍ አለ፤ በሌላው ደረጃ አለ፤ ትናንት ባልነበረበት ቦታ ዛሬ የሕፃን ጫማ ተጥሎ ይገኛል። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ በ1996 ዓ.ም. በምሳሌነት ያሳየውን ወለል ጠራጊ ሮቦት በ2001 ዓ.ም. ለሽያጭ አቀረበ። በ1990 ዓ.ም. ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በወጡ ሦስት ሰዎች የተመሠረተው አይሮቦት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ሩምባ የተባለውን በ200 ዶላር ገደማ ሸጠ፤ ብዙ ሕዝብም ገዛው። ይህ ሎሌ እጅም ራስም የለውም፤ እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ ሆኖ በአልጋ ሥር እየገባ አቧራ ይስባል። የተሳካለትም አንዲት ትንሽ ተግባር ብቻ ስለ ያዘ ነው። ልብስ አጣጥፎ ማስቀመጥ፥ ሕፃን ማጠብ፥ ድስቱን ቀምሶ ጨው መጨመር፥ የታመመ አረጋዊ ደግፎ ማንሣት ለዚህ መኪና ከቶ የማይሞከሩ ናቸው።

የሰውን መልክና ጠባይ በመኪና ላይ ለማየት የቸኰሉት ብዙ ጊዜ አፍረዋል። በጃፓን በናጋሳኪ አውራጃ በ2015 ዓ.ም. በሮቦቶች የሚሠራ ሆቴል ተከፍቶ ነበር። በእንግዳ መቀበያው አንዱ ሮቦት ሴት፥ ሌላው ጥንት የጠፋ ትልቅ እንሽላሊት መስሎ ይታይ ነበር። በየመኝታ ክፍሉ ያለችው አሻንጉሊት ግን የእንግዳውን ኵርፊያ ጥያቄ መስሏት፥ ንግግርዎ አልተሰማኝም እያለች ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰው ጀመር። የሮቦቶቹን ስሕተት የሚያርሙት ሰዎች ሥራ ስለ በዛባቸው፥ ሆቴሉ ከነበሩት 243 ሮቦቶች ከግማሽ የሚበልጡትን እንዳሰናበተ በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነገረ። ጌታውን እንዲያሳርፍ የተቀጠረው ሎሌ፥ ራሱ ሎሌ የሚያሻው ሆኖ ተገኘ።

ሳቁ ግን ወደ ኀዘን የሚለወጥበት ታሪክም አለ። በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. በዩክሬን የቼርኖቢል የአቶም ኀይል ጣቢያ በፈነዳ ጊዜ፥ ጨረር የሚረጨው ስብርባሪ በጣራው ላይ ተበተነ። ይህን ለመጥረግ ሮቦቶች ተላኩ፤ ከጨረቃ ላይ ተሽከርካሪ አሠራር የተወሰዱ የሶቪየት መኪናዎች ጥቂት ሠሩ፤ ከምዕራብ ጀርመን የመጣው ግን ወዲያው በጨረሩ ተበላሽቶ ቆመ። በዚህ ጊዜ ከ3,000 የሚበልጡ ወታደሮች የእርሳስ ልብስ ለብሰው፥ አካፋ ይዘው በየተራ ወደ ጣራው ወጡ፤ እያንዳንዱም ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ተወስኖ ነበር። ለእነዚህም ሰዎች «ባዮ ሮቦት» የሚል ስም ወጣላቸው። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። መኪናው ስሙን ከገባሩ ሰው ወስዶ ነበር፤ መኪናው በወደቀ ጊዜ ደግሞ ሰው የመኪናውን ስም ተቀበለ።

ከ25 ዓመት በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. በጃፓን የፉኩሺማ ጣቢያ አደጋ ሲደርስ፥ ቤት ጠራጊውን ሩምባን የሠራው ያው የአሜሪካ ኩባንያ የላካቸው ሮቦቶች በሚያዝያ ወር ወደ ፈረሱት ሕንጻዎች ገብተው የጨረሩን መጠን ለክተው መጡ። የቀለጠውን ነዳጅ ለማውጣት ግን ብዙ ዘመን ጠየቀ፤ በ2024 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከሩቅ በሚታዘዝ መሣሪያ የወጣው የመጀመሪያው ቅንጣት ክብደቱ 1 ግራም አይሞላም ነበር፤ በውስጥ ያለው ግን 880 ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። የመኪናው አቅም እንዴት እንዳደገ፥ ምን ያህልም እንደሚቀረው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መኪናው በእውነት የሰውን ሸክም ያነሣበትን አንድ ምሳሌ ደግሞ ከዐረብ አገር እንውሰድ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚደረገው የግመል እሽቅድምድም፥ ግመል ጋላቢዎቹ ከፓኪስታን፥ ከባንግላዴሽ፥ ከሱዳንና ከሞሪታንያ የሚመጡ ሕፃናት ነበሩ። ክብደታቸው እንዳይጨምር ምግብ ይቀነስባቸው፥ ወድቀውም ይሰበሩ ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ ክስ ከተሰማ በኋላ፥ ኳታርና የተባበሩት የዐረብ ኢሚሬቶች በ2005 ዓ.ም. ሕፃናትን ማስጋለብ በሕግ ከለከሉ፤ ኢሚሬቶችም ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ጋራ ተስማምተው ከ1,000 የሚበልጡ ልጆች ወደየአገራቸው ተመለሱ። በልጆቹም ፈንታ አንድ የስዊስ ኩባንያ ለኳታር የሠራው፥ ኋላም ሌሎች እያቃለሉ የሠሩት ትንሽ ሮቦት በግመሉ ጀርባ ላይ ተቀመጠ፤ ባለ ግመሉ በመኪና እየተከተለ በሬዲዮ ያዘዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ሰዎች ሕፃን በግመል ጀርባ ላይ መታሰር የለበትም ብለው ስለ ቈረጡ መኪናው ተፈለገ፤ መኪናው ስለ ተገኘ ብቻ ልጆቹ አልተለቀቁም።

በዚያው አካባቢ፥ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሶፊያ ለተባለችው ሰው መሰል ሮቦት ዜግነት መስጠቱ ተነገረ። ሶፊያ የተሠራችው በሆንግ ኮንግ ነው፤ በፕሮግራምዋ ሥራ ግን አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ወጣቶች ተካፍለዋል፤ በ2018 ዓ.ም.ም ወደ አዲስ አበባ መጥታ ታይታለች። የወገኖቻችን እጅ በዚህ ጥበብ ውስጥ መግባቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በዚያው በባሕረ ሰላጤው አገር በየቤቱ ምግብ እያበሰሉ፥ ሕፃናትና አረጋውያን እየጠበቁ የሚኖሩት እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። የደረሰባቸው ጕዳት በመብዛቱ መንግሥታችን በእኛ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ጕዞውን አግዶ፥ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን እንዳነሣ እናስታውሳለን። ለምስሉ የተሰጠው ክብር ሥራውን በእውነት ለምትሠራው ሰው አስቀድሞ ሊደርሳት ይገባ ነበር ብንል ማንንም የምናስቀይም አይመስለንም።

ጥያቄው ከውጭ አገር ብቻ የሚመጣም አይደለም። በከተሞቻችን መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት፥ ጸሐፊው ወደ መሥሪያ ቤቱ በጊዜ ሊደርስ የሚችለው በቤቱ ቀርታ ልጁን የምትጠብቅለት፥ እንጀራውን የምትጋግርለት ሠራተኛ ስላለች ነው። «ሁሉም ቃልቻ ከሆነ ማን ይሸከማል ስልቻ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሲያስተውሉ ነው። በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የግል አገልግሎት ሥራን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣለት አሳልፎታል። የዓለም የሥራ ድርጅትም ስለ ቤት ሠራተኞች መብት የተለየ ስምምነት ያጸደቀው በ2011 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ይኸውም ሩምባ ለገበያ ከቀረበ ከ9 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወለሉን የሚጠርገው መኪና ከጠራጊዋ መብት ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

ካነሣነው ታሪክ ሦስት ነገር እናገኛለን። መጀመሪያ፥ ሎሌ መኪና የተሳካለት ሰውን ለመምሰል በሞከረ ጊዜ ሳይሆን አንድ የተወሰነ ተግባር በተሰጠው ጊዜ ነው። ሁለተኛ፥ መኪናው በገባበት ሁሉ ከአጠገቡ የሚቆም፥ የሚጠግነውና ስሕተቱን የሚያርም ሰው አልታጣም፤ ስለዚህ ይህን ሞያ ለወጣቶቻችን ማስተማር ይገባል። ሦስተኛውና ዋናው፥ መኪናው ማንን እንደሚያሳርፍና ማንን ከእንጀራው እንደሚያፈናቅል የሚወስኑት ሰዎች ናቸው። የዳንበሪው ሮቦት አስታማሚዋን ወደ በሽተኛዋ ለመመለስ ታሰበ፤ የግመሉ ሮቦት ሕፃኑን አወረደ፤ በቼርኖቢል ግን ሰው በመኪና ቦታ ተተካ።

ሎሌ መኪና ነገ በአገራችን ሆስፒታሎችና ቤቶች በብዛት መግባቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ዛሬ ያንን ሥራ በእጅዋ ይዛ ያለችው ሴት ምን ትሠራለች፥ ምን ትማራለች፥ የሠራችበትስ ዘመን እንዴት ይታሰብላታል የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት። አርስጣጣሊስ መወርወሪያው ራሱ እስኪሸምን ድረስ ባሪያ ግድ ነው ብሎ ነበር፤ መወርወሪያው ራሱ ከሸመነም እነሆ ከ200 ዓመት በላይ ሆነው። የቀረው ሥራ የመሐንዲሱ ብቻ አይደለም፤ ደንብ የሚያወጣው ሹም፥ ልጆችን የሚያስተምረው መምህር፥ ነገ ሁለቱንም የሚተካው ተማሪ ሁሉ ድርሻ አላቸው።